ከደሴ እስከ ለቡ፦ ጨረቃ ላይ ታየ የተባለውን ጥላ ፎቶ ለማንሳት

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ ፎቶ ቤቴ የሚገባው ሰው ሁሉ ስለ ፒያሳና ስለ መርካቶ ይጠይቀኛል። እኔ ግን ከከተማው ያየሁት ጥቂት ነው። ጊዜዬን ያሳለፍኩት ከነፋስ ስልክ ወዲያ ለቡ በሚባል የገበሬ አገር ነው። የሄድኩትም ጨረቃን ፎቶ ለማንሳት ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያው ማስረዳትም አደከመኝ። ስለዚህ ደሴን ለቆ የመሄድ ሐሳብ የሌለው ሰው ቁጭ ብሎ ያንብበው ብዬ ጻፍኩት።

ነገሩ የመጣው በታላቅ እህቴ ባል፣ በጋሽ ተሰማ ነው። ጋሽ ተሰማ የሒሳብ መምህር ናቸው። መርካቶ ምናለሽ ተራ እየተመላለሱ አሮጌ መስተዋትና የመነጽር ስብርባሪ ሲለቅሙ ኖረው፣ የጣራ አሸንዳ አስጠቅልለው፣ የራሳቸውን ቴሌስኮፕ ሠሩ። በጥቅምት መጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከእሳቸው ዘንድ ቃል ይዞልኝ መጣ፦ «ካሜራህን ይዘህ ቶሎ ና። ጨረቃ ላይ ማንም ያላየው ጥላ አግኝቻለሁ። ከቀን ወደ ቀን እያደገ ነው። በፎቶ ካላሳየሁ የሚያምነኝ የለም።»

ሹፌሩን «ጤነኛ ናቸው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ከእኔም ከአንተም ይሻላሉ» አለኝ።

ረቡዕ

አውቶቡሱ ከደሴ የተነሳው ገና ሳይነጋ ነው። የሹፌሩ ረዳት የካሜራዬን ሣጥን ጣራ ላይ ካልጫንኩ ብሎ ተከራከረኝ፤ እኔም ጭኔ ላይ አድርጌ እስከ መጨረሻው ታቀፍኩት። የፎቶ መድኃኒቱን ጠርሙስ ግን አላጠበቅሁትም። ካራቆሬ ስንደርስ ክዳኑ ላልቶ አጠገቤ የተቀመጡት ባልቴት ነጠላ ላይ ፈሰሰ። ሽታው እንደ ኮምጣጤ ነው። ተንጰረጰርኩ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አሸተቱና «የሆድ መድኃኒት ነው?» አሉኝ። የፎቶ ማጠቢያ ነው ብላቸው አልገባቸውም፤ «ብቻ እግዜር ይማርህ» ብለው ከስንቃቸው ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። ለበደልኳቸው ነገር ዳቦ መቀበል አሳፈረኝ፤ ግን ርቦኝ ነበር፣ በላሁ።

ጣርማ በር ላይ ሞተሩ ፈልቶ ቆምን። ጭጋጉ ዋሻው ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። እኛ ደሴዎች ብርድ እናውቃለን እንላለን፤ የጦሳ ተራራችን ብርድ ግን ከጣርማ በር ጋር ሲተያይ የምድጃ ዳር ነው። በዚህ መዘግየት ደብረ ብርሃን አደርን። የሆቴሏ ባለቤት ስንቀጠቀጥ አይታ የራሷን ጋቢ አምጥታ ደረበችልኝ። ጠዋት ልመልስላት ስል «አንተ ለብሰኸው ቁርስህን ብላ፤ እኔ ምድጃ ዳር ነኝ» አለችኝ።

ሐሙስ

አዲስ አበባ የገባነው ከቀትር በኋላ ነው። ከነፋስ ስልክ ወዲያ አውቶቡስ እንደሌለ ተነግሮኛል፤ እስከዚያ በከተማ አውቶቡስ ሄጄ ወረድኩና «ለቡ በየት በኩል ነው?» አልኩ። አንዱ ወደ መካኒሳ ጠቆመኝ። ሌላው «የለም፣ በላፍቶ ነው» አለኝ። ሦስተኛው ደግሞ «የትኛው ለቡ?» ብሎ ጨርሶ ግራ አጋባኝ። ደሴ ውስጥ ሰው ከጠፋው ቁልቁል ከወረደ ፒያሳ ይደርሳል፣ ሽቅብ ከወጣ ጦሳን ያገኛል። እዚህ አገሩ ሜዳ ነው፤ ሜዳ ላይ መጥፋት እንዴት ቀላል እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ።

አንድ ባለጋሪ አሳፈረኝ። ወንዝ ዳር ስንደርስ «ከዚህ ወዲያ ፈረሱ እሺ አይልም» ብሎ አወረደኝ። ሣጥኔን አንጠልጥዬ፣ ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በታጨደ ማሳ መካከል ስሄድ ሰዎች ሥራ ትተው ያዩኛል። ሰላምታ ብሰጥ የሚመልስ የለም። በመጨረሻ አንድ ጠና ያሉ ገበሬ መንሻቸውን እንደያዙ መንገዴ ላይ ቆሙ።

«ቀያሽ ነህ?» አሉኝ።

«አይደለሁም።»

«ይኸ ሦስት እግር ምንድን ነው ታዲያ? አምናም እንዲህ ያለ ይዘው መጡ። በማግስቱ እዚያ ማዶ ችካል ተተከለ። መሬት ልትለካ ነው የመጣኸው?»

«ኧረ እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ! ጋሽ ተሰማ ቤት ነው የምሄደው። ጨረቃን ፎቶ ላነሳ።»

ሰውዬው ማቆሚያውንም እኔንም አዩ። ከዚያ መንሻቸውን ጥለው እስኪያስላቸው ሳቁ። «የመምህሩ እንግዳ ነኝ አትልም! ጨረቃን ለካት፣ እሷን ማንም አይወስድብንም» አሉና ሣጥኔን ከእጄ ነጠቁ። ኦቦ ገመዳ ይባላሉ፤ የጋሽ ተሰማ የአጥር ጎረቤት ናቸው። ቤታቸው ሳያስገቡ አላሳለፉኝም፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ በእርጎ በላሁ። ወጥቼ ወደ እህቴ ቤት ልሻገር ስል በአውድማቸው አለፍኩ። ለካ ያን ዕለት ነው አውድማውን በእበት የለቀለቁት! ለጉዞው ብዬ ያስጠረግኩት ጫማዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰመጠ፤ ዱካዬ ከዳር እስከ ዳር ታተመ። የኦቦ ገመዳ ሚስት ወጥታ አየችና አንድም ክፉ ቃል ሳትናገር ጎንበስ ብላ በእጇ መልሳ ለቀለቀችው።

እህቴ እትዬ አስካለ በሩ ላይ አቀፈችኝና ጫማዬን አይታ «ገና ሳትገባ?» አለች። ጋሽ ተሰማ ግን ሰላምታውንም አላስጨረሱኝም። ፀሐይዋ ወደ ፉሪ ተራራ እየገባች ነው፤ ጨረቃዋ ግማሽ ሆና ከአናታችን በላይ ቆማለች።

«ና፣ ሳትቀመጥ ተመልከት» አሉኝ።

ዓይኔን ከቱቦው አስጠጋሁ። ወገኖቼ፣ ያየሁትን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! የጨረቃ ፊት ለስላሳ መስሎኝ ኖሬያለሁ። በረዶ የደበደበው ማሳ ይመስላል፤ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው፤ የጉድጓዱም ጠርዝ በብርሃን ይነዳል።

«ጥላው ታየህ?»

«የቱ ጥላ?»

«ከታች ወደ ግራ! ጥቁር፣ እንደ መጋረጃ የወረደ። አንዳንዴም ጫፉ ላይ መብረቅ ይበርቃል።»

ደጋግሜ አየሁ። ምንም የለም። እሳቸው ጎንበስ አሉና «ይኸው አለ! ከትናንት ጨምሯል!» አሉ። እኔ አየሁ፤ የለም። እሳቸው አዩ፤ አለ። መስተዋቱን በጥጥ ጠረግን። አሁንም ለእኔ የለም፤ ለእሳቸው አለ። እትዬ «እራት ቀረበ» ብላ ባትጠራን እስኪነጋ በዚሁ እንቆይ ነበር። የሰለጠነ ዓይን የሌለኝ መሰለኝ።

ዓርብ

ጋሽ ተሰማ ትምህርት ቤት ውለው ሲመለሱ ካሜራዬን ከቴሌስኮፑ ጋር ማጋጠም ጀመርን። የካሜራዬን ሌንስ ነቀልኩ፤ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ማያያዣ ሠራን። ለምሳ የበላሁት ሽሮ ሳይወርድልኝ ጀንበሯ ጠለቀች።

እንዲህ ያለ ሥራ ከሙሽራ ማንሳት እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ቱቦው ነገሩን ሁሉ ገልብጦ ያሳያል። ጨረቃዋ ወደ ቀኝ ስትሸሽ ወደ ቀኝ ስከተላት ጭራሽ ትጠፋለች፤ ወደ ግራ ስገፋት ተመልሳ ትመጣለች። ደግሞም አንድ ቦታ አትቆምም። ደንበኞቼን «አይንቀሳቀሱ!» እላለሁ፤ ለጨረቃ ምን ይባላል? እንደ ምንም አንድ ጥቅል ፊልም ጨረስኩ። ሰማዩ ጨልሞ ስለነበር እንደ ሌሊት ሥዕል ቆጥሬ ብርሃን የሚገባበትን የካሜራውን በር ረዘም ላለ ጊዜ ከፈትኩት።

ቅዳሜ

ጠዋት የእትዬን የእህል ጎተራ አጨልሜ ፊልሙን አጠብኩ። ስወጣ ጋሽ ተሰማ በር ላይ ይጠብቁኛል። ፊልሙን ወደ ፀሐይ አንስተው አዩና ጮኹ፦ «ጥላው! አስካለ፣ ነይ እይ፣ ጨረቃዋን ጨርሶ ውጧታል!»

እውነትም ፊልሙ ላይ ያለችው ጨረቃ እንደ ከሰል ጠቁራለች።

«ጋሼ፣ ፊልም ላይ ጥቁር የሆነው ሲታተም ነጭ ነው» አልኳቸው። «ብርሃን አብዝቼበት ተቃጥሎ ነው እንጂ ጥላ አይደለም። ተበላሽቷል።»

እትዬ አንዴ እኔን፣ አንዴ ባሏን አየች። «ጥቁሩ ነጭ ከሆነ፣ ያለው የለም ከሆነ፣ እናንተ ሁለታችሁ የምትሠሩት ምንድን ነው?» ብላ ወደ ጓዳዋ ገባች።

ጋሽ ተሰማ ግን አልተቆጡም። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው አሰቡ። «ጨረቃ ፋኖስ አይደለችም» አሉ። «ፀሐይ ያረፈችባት ድንጋይ ናት። እዚያ አሁን እኩለ ቀን ነው። በጠራራ ፀሐይ የቆመ ሰው ስታነሳ እንዴት ታደርጋለህ?»

«ቶሎ ከፍቼ ቶሎ እዘጋለሁ።»

«እንዲያው አድርግ።»

ማታውን ከፉሪ በኩል ነፋስ ተነሳና ቱቦውን ያወዛውዘው ጀመር። ያ የኦቦ ገመዳ አውድማ ደርቆ ስለነበር ማቆሚያውን እዚያ ተከልን፤ ኦቦ ገመዳና ሚስታቸው አንድ ጋቢ ከዳር ዳር ዘርግተው እንደ አጥር ቆሙልን። እጃቸው እስኪዝል ያዙት። «ጂኣ ለፎቶ ትቀመጣለች እንዴ?» እያሉ ይስቃሉ፤ በኦሮምኛ ጨረቃን ጂኣ ነው የሚሏት። አንድ ጥቅል በአጭር በአጭሩ አነሳሁ። በመካከሉ ጋሽ ተሰማን ሳይ ከቱቦው ቀና ብለው ቀኝ ዓይናቸውን ያሻሉ። «አሁን ግማሿ ድረስ ደርሷል» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሙሉጌታ፣ ይኸ ነገር ቢሸፍናት ምን ይሆናል?»

ጎንበስ ብዬ ሌላ አነሳሁ።

እሑድ

በሰንበት ፊልም ማጠብ እትዬ አልፈቀደችም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኦቦ ገመዳ ቤት ገንፎ ተጋበዝን። ጋሽ ተሰማ ጥቂት ቀምሰው ተዉት። ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ ስለ ጥላው እንደነገሩ ያን ቀን ነው ያወሩልኝ። መምህራኑ ስቀውባቸዋል፤ እሳቸውም «በፎቶ አመጣላችኋለሁ» ብለው በሁሉ ፊት ምለዋል።

ሰኞ

ፊልሙን በጠዋት አጠብኩ። ይኸኛው ወጣ! በእርጥብነቱ ለመያዝ ሳሳሁለት። እስኪደርቅ ጠብቄ አዲስ አበባ ፒያሳ አንድ የሙያ ጓደኛዬ ዘንድ ይዤው ሄድኩና አንዱን አጉልተን አተምነው። ቀይ መብራት ሥር፣ መድኃኒቱ ውስጥ፣ የጨረቃ ፊት ቀስ እያለ ሲወጣ ጓደኛዬ «እመ ብርሃን!» ብሎ ወደ ኋላ አለ። እኔ ግን የምፈልገው ከታች ወደ ግራ ያለውን ነው። እዚያ ጉድጓድ አለ፣ ሜዳ አለ፤ ጥላ የለም። ጥላው ከካሜራ የሚሰወር ነገር ይሆን? ወይስ እኔ አበላሽቼው ይሆን? መንገዱን ሁሉ ይህን ሳወጣ ሳወርድ ከመውረጃዬ አልፌ ወርጄ ረጅም መንገድ በእግሬ ተመለስኩ።

ስደርስ ጋሽ ተሰማና ኦቦ ገመዳ በረንዳው ላይ ናቸው። ጋሽ ተሰማ ሥዕሉን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«የታለ?» አሉ።

«የለም ጋሼ።»

«አጥፍተኸዋል።»

«እኔ?»

«አንተ ፎቶ ላይ የሰው ጠባሳ በእርሳስ እያጠፋህ አይደለም እንዴ እንጀራ የምትበላው? አሳምረህ ልትሰጠኝ ፈልገህ ነው! ማን አሳምርልኝ አለህ?»

በሕይወቴ እንዲህ ተናግረውኝ አያውቁም። ፊልሙን አውጥቼ እጃቸው ላይ አኖርኩ። «እርሳስ ያልነካው ይኸውና። የመጣሁት ለእርስዎ ስል ነው። ያላየሁትን አየሁ ልበል?»

ኦቦ ገመዳ መሬት መሬት አዩ። እትዬ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ጋሽ ተሰማ ከኪሳቸው ማጉያ መነጽራቸውን አወጡ፤ ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀኙን ማጉያው ላይ አድርገው ሥዕሉ ላይ አጎነበሱ። ድንገት ቀና አሉ።

«ይኸው! አለ! አንተ አላየኸውም እንጂ ፎቶው ላይ አለ! ከታች ወደ ግራ!»

ወረቀቱን አየሁ። የለም። ምን እንዳሰኘኝ አላውቅም፤ ሥዕሉን ከእጃቸው ሳልወስድ ታችኛውን ወገን ወደ ላይ ገለበጥኩት።

«አሁንስ?»

በዚያው ዓይናቸው አዩ። «ከታች ወደ ግራ» አሉ።

«ጋሼ፣ ገልብጨዋለሁ እኮ። ጥላው ወረቀቱ ላይ ቢሆን ኖሮ ወደ ላይ ወደ ቀኝ መሄድ ነበረበት።»

የሒሳብ ሰው ናቸው፤ ከእኔ ቀድመው እንደደረሱበት ከፊታቸው አየሁ። ማጉያውን አስቀመጡ። ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው እንደከደኑ ቀና ብለው ኦቦ ገመዳን ተመለከቱ። ጥርጊያውን አዩ። ከዚያ እትዬን አዩ፤ ብዙ ቆዩባት።

«ገመዳ» አሉ፣ «ግማሽ ፊትህ የለም።»

ኦቦ ገመዳ ደንግጠው ጉንጫቸውን ዳሰሱ። ጋሽ ተሰማ እጃቸውን አንስተው ቀኝ ዓይናቸውን ከደኑ። «አሁን አለህ» አሉ። ደግሞ ግራውን። «አሁን የለህም።»

እትዬ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ተሰማ፣ ምንድን ነው የምትለው?»

«በሁለት ዓይኔ ስሄድ ደህናው የታመመውን ሲሸፍንለት ኖሯል። በቱቦው ግን የማየው በአንዱ ነው።» ሥዕሉን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉት። «ስለዚህ ጨረቃዋ ደህና ናት» አሉ።

በዚያች ሰዓት ይቅርታ ልጠይቃቸው ወይስ ላጽናናቸው አላወቅሁም። እሳቸው ቀደሙኝ፤ እጄን ይዘው «ሰደብኩህ፣ አይደል?» አሉኝ።

ማክሰኞ

ኦቦ ገመዳ ገና ጎህ ሳይቀድ ባለጋሪ ዘመዳቸውን ይዘው መጡ። መንገዱ ያናውጣል፤ እሳቸው ከጋሪው ኋላ እየተራመዱ «ቀስ! ቀስ!» ይላሉ። አስፋልት እስክንደርስ አልተለዩንም። ሆስፒታል ወረፋው እንደ ሰኞ ገበያ ነው፤ ግን አንዲት ነርስ ጋሽ ተሰማ ስለ መብረቁና ስለ መጋረጃው ሲናገሩ ሰማችና ሳታስጠብቅ አስገባችን።

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ነርሷ አስተረጎመችልን። ከዓይኑ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን እንደ ግድግዳ ወረቀት እየተላቀቀ ነው አለ። የሚያዩት ጥላ ያ ነው። ነርሷ ተሳስታ «ቶሎ ካልተቀደደና ካልተሰፋ» ብላ ብትተረጉመው እትዬ ልትወድቅ ደረሰች፤ ነገሩ ለካ ቶሎ ቀዶ ጥገና ካልተደረገ ዓይኑ ይጠፋል ነው። ሐኪሙ አክሎ «እንዴት ብለው በጊዜ አወቁት? ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡልኝ ካለቀ በኋላ ነው» አለ። ጋሽ ተሰማ ስለ ጨረቃ ሲነግሩት መጻፉን አቁሞ አዳመጣቸው።

በጀርባቸው አስተኝተው ሁለቱንም ዓይናቸውን በፋሻ ጠቀለሉት። እትዬ ተቆጣች፦ «ደህናውን ምን አድርጓችሁ ነው?» አንዱ ዓይን ሲንቀሳቀስ ሌላው ይከተላል፤ ስለዚህ ሁለቱም ማረፍ አለባቸው ብላ ነርሷ አስረዳቻት። እኔም ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ረቡዕና ሐሙስ

ረቡዕ ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ሐኪሙ ሲወጣ ትከሻውን ሰበቀ፤ ፋሻው ሲፈታ ይታወቃል ማለቱ ነው። የለቡ ጎረቤቶች ተራ በተራ መጡ። የኦቦ ገመዳ ሚስት ቅቤ በቅል ይዛ መጣች፤ ነርሷ ከለከለቻት፤ ብትለምናትም እሺ ስላላለች ቅቤውን ለነርሷ ሰጠቻትና ሄደች።

ጋሽ ተሰማ አልጋቸው ላይ ለባልደረቦቻቸው ምን እንደሚሉ ይጨነቃሉ። «ምያለሁ እኮ» ይላሉ።

«ዓይኔን ታምሜ ነበር በላቸዋ!» አለች እትዬ። «ሰው ዓይኑን ታምሞ አያውቅም?»

ሐሙስ ጀንበር ስትጠልቅ ጨረቃዋ ሙሉ ሆና በሆስፒታሉ መስኮት ወጣች። እኛ ደሴ በአዝዋ ገደል በኩል ስትወጣ እንደምናያት፣ ትልቅ፣ ቀላ ያለች። እኔ አልነገርኳቸውም። እሳቸው ግን በፋሻው ውስጥ እንደሆኑ ቀኑን ሲያሰሉ ኖረዋል።

«ወጥታለች?» አሉ።

«ወጥታለች ጋሼ።»

«ምን ትመስላለች?»

ጉድጓዱን ልናገር ወይስ ቀለሙን ብዬ ቃል ስፈልግ እትዬ ከመስኮቱ ዞራ ብርድ ልብሳቸውን ወደ ላይ ሳበችላቸው።

«ያው ናት» አለች። «ምንም አልሆነች። አንተ ተኛ።»

ዓርብ

የደንበኞቼ ሠርግ ስለነበረብኝ ልቤ ሳይፈቅድ ተመለስኩ። ስለ መልሱ መንገድ ብዙ አልጽፍም። ካራቆሬ ላይ አንድ ሰው ዓይኔን ቀልቶ አይቶ «ምን ሆነሃል?» ሲለኝ አቧራ ነው አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ሳምንታት አለፉ፤ እናቴ በየቀኑ ስለ አማቿ ዓይን ትጠይቀኛለች። አንድ ቀን የስልክ ቤቱ ተላላኪ መጥቶ «ከአዲስ አበባ ትፈለጋለህ» አለኝ። ሙሽሮችን መጋረጃው ፊት እንዳቆምኳቸው ትቻቸው ሮጥኩ። መስመሩ ይንጫጫል።

«ሙሉጌታ? ፋሻው ተፈታ» አሉ ጋሽ ተሰማ።

«ጥላውስ?» ብዬ ጮህኩ። ስልክ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«አለ። እንደነበረ አለ» አሉና መስመሩ ጥቂት ጠፋ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ድምፃቸው ተመለሰ፦ «ግን ቆሟል። አላደገም። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ አያድግም ብሎኛል። ይሰማሃል? ቆሟል!»

«ቆሟል» አልኩ እኔም፤ ሰው መሃል እንዳለሁ ረስቼ ደጋግሜ «ቆሟል» አልኩ። ስልኩን ሰቅዬ ስወጣ ሙሽሮቹ ትዝ አሉኝ፤ ግን መጀመሪያ የሮጥኩት ሽቅብ፣ ለእናቴ ልነግራት ነው።